ጃቲሉዊ፦ በባሊ ገጠር መኖር፣ ገንዘብ ማዋልና መጓዝ ለሚያስቡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶችን የያዘች አገር ስለሆነች፣ ስለ ገጠሯ በጅምላ የሚሰጥ መልስ ለማንም አይረባም። ስለዚህ ከኢትዮጵያውያን ወዳጆች በየጊዜው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች በአንዲት መንደር ላይ፣ በባሊ ደሴት ባለችው በጃቲሉዊ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የመሬትና የቪዛ ሕጉ በመላው ኢንዶኔዥያ የሚሠራ ሲሆን፣ የውሃውና የመንደሩ ሥርዓት ግን የባሊ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጃቲሉዊ የት ናት? እንዴትስ ይደረሳል?

ጃቲሉዊ በታባናን አውራጃ፣ በፔነበል ወረዳ፣ 2,276 ሜትር ከፍታ ባለው በባቱካሩ ተራራ ተዳፋት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ከደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ትርቃለች፤ በደቡቡ በኩል የመኪናው መጨናነቅ ሲብስ ከዚያም በላይ ይፈጃል። መደበኛ የሕዝብ ትራንስፖርት ስለሌለ መንገደኛው መኪና ከነሾፌሩ ይከራያል፣ አለዚያም በሞተር ሳይክል ይሄዳል። በሞተር የሚሄድ ሰው መንጃ ፈቃዱ ሞተር ሳይክልን ጭምር የሚያካትት መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ካላካተተ አደጋ ሲደርስ የጉዞ መድን ድርጅቱ ካሳ ላለመክፈል በቂ ምክንያት ያገኛል።

300 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የሩዝ እርከኗ በ2012 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሊ የመስኖ ሥርዓት አንዱ ክፍል ነው። የእኛ የኮንሶ እርከን የተመዘገበው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በ2011 ነበር። ኮንሶ እርከኑን በድንጋይ ሲክብ፣ የጃቲሉዊ ገበሬ ግን በጭቃና በሣር ያቆመዋል። ሁለቱም የተመዘገቡት መልካቸው ስላማረ ብቻ ሳይሆን ዛሬም የሚታረስባቸው ስለሆነ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚህ ቁም ነገር የሚነሣ ነው።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

ይህን የሚወስነው የምንኖርበት አገር ሳይሆን የያዝነው ፓስፖርት ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፓስፖርት ያለው ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ወይም አስቀድሞ በኢንተርኔት 500,000 ሩፒያ (የኢንዶኔዥያ ገንዘብ) ከፍሎ የ30 ቀን ቪዛ ያገኛል፤ ይህም አንድ ጊዜ ለተጨማሪ 30 ቀን ይራዘማል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ከአገሩ ሳይነሣ ቪዛውን ማግኘት ስላለበት፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊት አዲስ አበባ በሚገኘው የኢንዶኔዥያ ኤምባሲ መጠየቅ ይኖርበታል። በዱባይ ወይም በሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ መያዝ ይህን አይለውጠውም። ኢንዶኔዥያና እስራኤል የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስለሌላቸው፣ በእስራኤል ፓስፖርት ለሚጓዙ ወገኖቻችን የተለመደው የቱሪስት መንገድ ክፍት አይደለም።

ከተፈቀደው ጊዜ በላይ የቆየ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን 1,000,000 ሩፒያ ይቀጣል፤ ከ60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከአገር ይባረራል። በተጨማሪ ከየካቲት 2024 ወዲህ ወደ ባሊ የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ 150,000 ሩፒያ የደሴቲቱን ክፍያ ይከፍላል።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው የተለየ ክትባት አለ?

አዎን፤ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ወረቀቱን የረሳ መንገደኛ ሌላው ሰነድ ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ሊጉላላ ይችላል።

መንደሩን የሚያስተዳድረው ማን ነው?

ሁለት አስተዳደር ጎን ለጎን አለ። አንደኛው የመንግሥት ቀበሌ ሲሆን መታወቂያ፣ ግብርና የመሳሰለውን ይይዛል። ሁለተኛው የባህል መንደር ነው፤ እርሱም “ባንጃር” በሚባሉ የሰፈር ማኅበራት ይከፋፈላል። ባንጃርን ለኢትዮጵያዊ ለማስረዳት ዕድርን መጥቀስ ይበቃል፦ ትዳር የያዘ ሁሉ አባል ነው፤ ለቀብርና አስከሬን ለሚቃጠልበት ሥርዓት፣ ለሠርግና ለቤተ መቅደስ በዓል ጉልበቱንም ገንዘቡንም ያዋጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ጥሪው የሚተላለፈው “ኩልኩል” በተባለው፣ ከግንድ ተፈልፍሎ በማማ ላይ በሚሰቀል ደወል ነው፤ አመታቱ ሞትን፣ ስብሰባንና አደጋን እየለየ ይናገራል። ይሁንና ባንጃር ከዕድር የበለጠ ሥልጣን አለው፤ “አዊግ-አዊግ” የተባለውን የመንደሩን የባህል ሕግ ያስፈጽማል፣ ሕጉን የናቀውንም ከማኅበሩ እስከ ማግለል ይደርሳል። ሴቶቹ ደግሞ “አሪሳን” የሚሉት ነገር አላቸው፤ እርሱ እንኳ ከዕቁብ በስም ብቻ ነው የሚለየው።

የውጭ አገር ሰው የባንጃር ሙሉ አባል አይሆንም። ሆኖም ቤት የተከራየ ሰው ለሰፈሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ቤት ያከራየው ባለቤትም እንግዳው ማን እንደሆነ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ዕድር ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ችግሩ የሚመጣው መዋጮውን ከፍሎ በሐዘን ቀን የማይታይ እንግዳ ሲኖር ነው። ጎረቤት የሞተበት ዕለት ሄዶ መቀመጥ፣ ቋንቋ ባይችሉ እንኳ፣ ከማንኛውም ክፍያ ይልቅ ይታሰባል።

ሱባክ ምንድን ነው? እኔ ገበሬ ካልሆንኩ ለምን ያሳስበኛል?

ሱባክ ከአንድ የውሃ ምንጭ የሚጠጡ ማሳዎች ባለቤቶች በሙሉ የሚገቡበት ማኅበር ነው። ሥርዓቱ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንዳለ ይነገራል። ሹሙ “ፔካሴህ” ይባላል፤ በአገራችን መስኖ ባለበት ሁሉ “የውሃ አባት” የምንለው ነው። ገበሬዎቹ ይመርጡታል፣ እርሱም ውሃው ወደ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን መቼ እንደሚዘራና ማሳው መቼ እንደሚያርፍ ከእነርሱ ጋር መክሮ ይወስናል። እያንዳንዱ ሱባክ የራሱ የውሃ ቤተ መቅደስ ስላለው፣ የዘር ጊዜውና የበዓሉ ቀን አንድ ላይ ይታወጃሉ።

ከመንገዱ ወርዶ በቦዩ ዳር የሚሄድ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ቦዩ በሚከፈልበት ቦታ አንድ ግንድ በውሃው ላይ ተጋድሟል፤ በግንዱ ላይ ጥርሶች ተፈልፍለዋል፤ አንዱ ጥርስ ጠበብ ያለ፣ ሌላው የእርሱን እጥፍ ነው። ጠባቡ ትንሽ ማሳ ላለው፣ ሰፊው ብዙ ማሳ ላላቸው ነው። ውሃው በግንዱ ላይ ሲፈስ ያለ ዘበኛ ይከፋፈላል፤ ክረምት ሲሞላም፣ በጋ ሲቀንስም የእያንዳንዱ ድርሻ መጠን አይዛባም። ከግንዱ አጠገብ ከቀርከሃ የተሠራች ትንሽ መቅደስ ቆማለች፤ በላይዋ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ፣ አበባና ጥቂት ሩዝ የያዘ ሰፌድ መሳይ መሥዋዕት ጠዋት ጠዋት ይቀመጣል። ግንዱን በእጅ መንካት፣ ድንጋይ ማንቀሳቀስ ወይም ለፎቶግራፍ ሲባል በላዩ መቆም ለጎብኚ ቀላል ነገር ይመስለዋል፤ በመንደሩ ዘንድ ግን የሰው ድርሻ መንካት ነው።

ለምን ያሳስበኛል ለሚለው መልሱ የ1970ዎቹ ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ መንግሥት ምርት ለማሳደግ ብሎ ገበሬዎቹ ቶሎ የሚደርሱ አዳዲስ ዝርያዎችን ያለ ዕረፍት፣ እያንዳንዱ በመሰለው ጊዜ እንዲዘሩ አደረገ። የቤተ መቅደሱ የዘር ዘመን ሲፈርስ ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያርፍበት ወቅት ቀረ፤ ተባዩም የሚራብበት ጊዜ ስላጣ ቡናማው የሩዝ ተባይና በነፍሳት የሚዛመት የሩዝ በሽታ ማሳውን አወደሙት። የአንትሮፖሎጂ ምሁሩ ስቲቨን ላንሲንግ ከሥራ ባልደረባው ጋር በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳየው፣ ጎረቤታሞች በኅብረት ዘርተው በኅብረት ማሳረፋቸው ውሃን ከማካፈል አልፎ ተባይን የሚቆጣጠር ጥበብ ነው። ስለዚህ በመካከሉ ያለ አንድ ማሳ ቤት ቢሠራበት ወይም ከሥርዓቱ ቢወጣ፣ ከላይ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ያጣል፣ ከታች ያለው ገበሬም ይደርቅበታል። በጃቲሉዊ መሬት ለብቻው የሚቆም ነገር አይደለም፤ ከውሃው፣ ከመቅደሱና ከጎረቤቱ ሥራ ጋር የተሰፋ ነው። ስለ መሬት የሚከተሉት መልሶች ጠንከር ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

መሬት መግዛት እችላለሁ?

አይቻልም። የ1960 የመሬት መሠረታዊ ሕግ፣ ማለትም ሕግ ቁጥር 5፣ “ሃክ ሚሊክ” የተባለውን ሙሉ የባለቤትነት መብት ለኢንዶኔዥያ ዜጎች ብቻ ሰጥቷል። ለውጭ አገር ሰው የተፈቀዱት ሌሎች ናቸው፦ በአገሩ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው “ሃክ ፓካይ” የተባለውን የመጠቀም መብት ለ30 ዓመት ሊያገኝ ይችላል፤ እርሱም በ20፣ ቀጥሎም በ30 ዓመት ይታደሳል። በውጭ ካፒታል የተቋቋመ ኩባንያ በተመሳሳይ ዘመን የመገንባት መብት ይይዛል። ከሁሉም የሚዘወተረው ግን በውል መከራየት ነው፤ የከተማ መሬት ሊዝን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡን ቶሎ ይረዳዋል።

ይህም ቢሆን የሚሠራው ግንባታ በተፈቀደበት ቦታ ነው። የሩዝ ማሳን በ2009 የወጣው ሕግ ቁጥር 41 እና የአውራጃው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ስለሚጠብቁት፣ የጃቲሉዊን እርከን እያሳየ “እዚህ ላይ ቪላ ይሠራል” የሚል ደላላ የሚሸጠው ነገር የለውም። እንዲያውም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሌላ ወረዳ የሚኖር ኢንዶኔዥያዊ ራሱ የእርሻ መሬት በርቀት እንዳይዝ ተከልክሏል።

በአገሬው ሰው ስም ገዝቼ በጓሮ ውል ብዋዋልስ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ እኔም መጀመሪያ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ደላላ ቡና እያጠጣ “ሁሉም ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው” ብሎኝ ነበር። የ1960ውን የመሬት ሕግ አንቀጽ 26 ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት፦ መሬቱን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ ሰው ለማስተላለፍ የታሰበ ውል በሕግ ፊት ከመነሻው ፈራሽ ነው፣ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። በ2007 የወጣው የኢንቨስትመንት ሕግም በአክሲዮን በኩል የሚደረገውን ተመሳሳይ የስም ውሰት ይከለክላል። ስሙን ያዋሰው ሰው ታማኝ ቢሆን እንኳ ይሞታል፣ ልጆቹም ይወርሳሉ፤ ወራሾቹ ደግሞ ስለ ጓሮው ውል የሚያውቁት ነገር የለም። እባካችሁ አታድርጉት።

ኢንዶኔዥያዊ ወይም ኢንዶኔዥያዊት ያገባ ሰው ሁኔታው ይለያል፤ የንብረት መለያየት ውል ከሌላቸው ግን የጋራ ሀብት ስለሚሆን ዜጋዋ ራሷ የባለቤትነት መብቷን ልታጣ ትችላለች። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህ ውል ከጋብቻ በኋላም እንዲፈረም ፈቅዷል።

ቤት ወይም ቦታ ለረጅም ዘመን ስከራይ ምን ልይ?

በባሊ ቦታ የሚለካው በ“አሬ” ነው፤ አንድ አሬ 100 ካሬ ሜትር ነው። ዋጋው ለአንድ አሬ በዓመት ተብሎ ይነገርና የ25 ወይም የ30 ዓመቱ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ በዚህ የተነሣ መጀመሪያ የሚሰማው ቁጥር ትንሽ መስሎ ይታያል።

ከመፈረም በፊት ኖተሩ፣ ማለትም ውል የሚያጸድቀው የሕግ ባለሙያ፣ የባለቤትነት ምስክር ወረቀቱን በመሬት ቢሮው እንዲያጣራ ማድረግ የግድ ነው። ቦታው የቤተ መቅደስ ወይም የባህል መንደሩ መሬት አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። በባሊ ርስት በወንዶቹ ልጆች በኩል ስለሚወረስ፣ ወንድማማቾቹ ሁሉ ካልፈረሙ ነገ አንዱ መጥቶ “እኔ አላውቅም” ይላል። ውሉ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ ለራስ ማስታወሻ ነው። በኪራዩ ላይ የሚታሰበውን 10 በመቶ ግብር ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ። “ሲያልቅ ይታደሳል” የሚል ቃል ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ ካልተናገረ ትርጉም የለውም። ወደ ቦታው የሚያስገባው መንገድስ የማን ነው? በማሳ መካከል የሚያልፍ መንገድ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ድንበር ነው፤ ባለመብቱም ሊዘጋው ይችላል።

ታዲያ ገንዘቤን በምን ላይ ላውል?

በውጭ ካፒታል የሚቋቋም ኩባንያ ከመሬትና ከሕንጻ ሌላ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ ኢንቨስትመንት ማቀድ አለበት፤ ጥቃቅንና አነስተኛ ንግድ ለዜጎች የተተወ ነው። ይህም ማለት በ20,000 ዶላር ትንሽ ካፌ ወይም ሦስት ክፍል ያለው ማረፊያ በስሜ እከፍታለሁ የሚለው ሐሳብ ሕጋዊ በር የለውም። ሕጉ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በመንደሩ ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩት ቤተሰቦች የሚኖሩት በዚያች ትንሽ ንግድ ነው።

ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው የምመክረው ባለቤት ከመሆን ይልቅ ደንበኛ መሆን ነው። ጃቲሉዊ የምትታወቀው በቀይ ሩዟ ነው፤ ግንዱ ረጅም የሆነው ነባሩ የባሊ ዝርያ ሲሆን፣ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ሩዙን ቆልተው እንደ ሻይ አፍልተውም ይጠጡታል። ይህን ከገበሬው በደህና ዋጋ ገዝቶ በሕጋዊ መንገድ ወደሚኖሩበት አገር ማስገባት የሚችል ነጋዴ፣ አንዲት ጠጠር በማሳው ላይ ሳያኖር ማሳው እንዲታረስ ያደርጋል። በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ለወራት ተከራይቶ መኖርም እንደዚሁ ነው፤ ገንዘቡ በቀጥታ ከቤተሰቡ እጅ ይገባል።

በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት እየሠራሁ መኖር እችላለሁ?

ለዚህ ከ2024 ጀምሮ የተለየ ቪዛ አለ። አሠሪው ከኢንዶኔዥያ ውጭ መሆን፣ የሠራተኛው ዓመታዊ ገቢም ቢያንስ 60,000 ዶላር መሆን አለበት፤ የሚያቆየውም አንድ ዓመት ነው። በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው የአገሪቱ ግብር ከፋይ ሊባል ስለሚችል፣ የሒሳብ ባለሙያ አስቀድሞ ማማከር ብልህነት ነው። በቱሪስት ቪዛ ለአገሬው ሰው መሥራት ግን ያስባርራል።

ምግቡስ? በጾም ጊዜ ምን ይበላል?

ለጾመኛ ኢንዶኔዥያ የምትመች አገር ናት። ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቴምፔና ታሁ በየሱቁ ይገኛሉ፤ የተቀቀለ አትክልት በለውዝ ወጥ፣ ቅጠላ ቅጠል በኮኮናት፣ ሩዝ በየማዕዱ አለ። ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው እንቁላል ነው፤ ሳይጠየቅ በላዩ ይደረጋል። ሁለተኛው በዳጣው ውስጥ የሚደባለቀው “ትራሲ” የተባለ የሽሪምፕ ድልህ ነው፤ ዓሣ ለማይበላ ጾመኛ “ታንፓ ትራሲ፣ ታንፓ ተሉር” ማለት፣ ማለትም ያለ ትራሲና ያለ እንቁላል ብሎ ማዘዝ ይበቃል። ባሊ ሂንዱ በመሆኗ የአሳማ ሥጋ የተለመደ ነው፤ የበዓል ምግብ የሆነው “ላዋር” ደግሞ ብዙ ጊዜ ደም ይገባበታል። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ወገናችን ይህን አስቀድሞ ማወቅ፣ በሰው ቤት ከማፈር ያድነዋል፤ ሙስሊሞች የሚያበስሉባቸው ቤቶች “ሃላል” የሚል ጽሑፍ ይለጥፋሉ።

ቡናውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይሆንም። “ኮፒ ቱብሩክ” የሚባለው የላመ ቡና በብርጭቆ ተደርጎ የፈላ ውሃ የሚፈስበት ነው፤ አተላው እስኪሰክን መጠበቅ ያስፈልጋል። ከጀበና ቡና ጋር አይወዳደርም፤ በእርከኑ ዳር ከገበሬ ጋር ቁጭ ብለው ሲጠብቁት ግን ወሬው የሚጀመረው በዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው።

ሕመም ቢያጋጥመኝ?

በወረዳው የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ፤ ሆስፒታል በታባናን ከተማ፣ ትልልቆቹም በባሊ ዋና ከተማ በዴንፓሳር ይገኛሉ። የቧንቧ ውሃ አይጠጣም። በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት በደሴቲቱ አለ። ከ2008 ጀምሮ በባሊ የውሻ ዕብድ በሽታ ስላለ፣ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥቦ የዚያኑ ዕለት ለክትባት መሄድ አለበት።

ለጉዞ የማይመች ቀን አለ?

ኜፒ የተባለው የባሊ አዲስ ዓመት አለ። በዚያ ዕለት ለ24 ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያው ይዘጋል፣ መብራት አይበራም፣ ማንም ከቤት አይወጣም፤ የባህል ዘበኞቹም እንግዳ ነው ብለው አይተዉም። በ2026 የሚውለው መጋቢት 19 ነው፤ የሚውልበት ቀን በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ቋንቋውን ሳላውቅ መኖር እችላለሁ?

ለጉብኝት ይቻላል፤ ለኑሮ ግን የኢንዶኔዥያን ቋንቋ መማር ያስፈልጋል፤ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነና ግሱ እንደ አማርኛ በሰውና በጊዜ ስለማይለዋወጥ በጥቂት ወራት ይያዛል። የባሊኛው ነገር ሌላ ነው፤ “አንተ” እና “አንቱ” ከማለት የሰፋ የአክብሮት ደረጃ ስላለው በስሕተት ከመናገር ለአባወራው “ፓክ”፣ ለእመቤቲቱ “ቡ” እያሉ በኢንዶኔዥያኛ መናገር ይሻላል። በመንደሩ ዋያን፣ ማደ፣ ኞማንና ክቱት የሚሉ ስሞች የሚደጋገሙት፣ ልጆች እንደ አወላለዳቸው ተራ ስለሚሰየሙ ነው።

መቼ ልሂድ? ምን ያህልስ ልቆይ?

ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይበረታል፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው። ለመኖር የሚያስብ ሰው ግን የአየሩን ሁኔታ ሳይሆን የሩዙን ዘመን ይከተል። ቀዩ ሩዝ ጥር አካባቢ ይተከልና ሐምሌ አካባቢ ይታጨዳል። አንድ ጊዜ ውሃው ወደ ማሳው ሲገባ ሂዱ፤ በዚያን ጊዜ እርከኑ እንደ መስተዋት ሰማዩን ያሳያል፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ ቤቱም ይሻግታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአጨዳው ሂዱ፣ ባረፋችሁበት ቤት ያለው ሰው ሁሉ ማሳ ወርዶ ቁርስ የሚያቀርብላችሁ ስታጡ። ሁለቱንም አይታችሁ የኪራይ ውሉን ያን ጊዜ ጠይቁ።